«ዴት» ቴምር ነው ወይስ ቀን?

ጥያቄው፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሻርጃ ነው፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። ማታ ማታ በስልኬ እንግሊዝኛ እማራለሁ። ሰሞኑን የቴምር ካርቶን እያነበብኩ ግራ ገባኝ። ከላይ በትልቁ ‹ዴትስ› ይላል፣ ከታች ደግሞ ‹ኤክስፓየሪ ዴት› ይላል። አንዱ ቴምር፣ አንዱ ቀን ነው። የቤቱ ልጆች ደግሞ ከፍቅረኛ ጋር መውጣትን ‹ዴት› ሲሉት እሰማለሁ። አንድ ቃል እንዴት ሦስት ነገር ይሆናል? ዝምድና አላቸው? እኔስ በምን ልለያቸው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ማታ የካርቶን ጽሑፍ እያነበቡ መማር ቀላል ነገር አይደለም። የቃላትን ታሪክ ሳጠና ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም መልሱ አንድ ካርቶን ላይ ተጽፎ በእጅሽ ይዘሽዋል።

አጭሩን ላስቀድም። ቴምሩና ቀኑ አይዛመዱም። ከተለያየ ቦታ ተነሥተው መንገድ ላይ አንድ መልክ የያዙ ሁለት ቃላት ናቸው። ቀኑና የፍቅር ቀጠሮው ግን አንድ ቃል ናቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተወለደ። ስለዚህ ሦስት ትርጉም ቢኖርም ቃሉ ሁለት ነው። ጥሩ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ብትከፍቺ «ዴት» ሁለት ቦታ ለየብቻው ተጽፎ፣ አጠገቡ ትንሽ 1 እና 2 ቁጥር ታያለሽ። ቁጥሩ «እነዚህ መልካቸው አንድ ነው፣ ዘራቸው ግን ይለያያል» ማለት ነው።

ከቴምሩ ልጀምር። የጥንት ግሪኮች ቴምርን «ዳክቲሎስ» ይሉት ነበር። ዳክቲሎስ በግሪክ ጣት ማለት ነው። ቃሉ ከግሪክ ወደ ላቲን ሄደ፣ «ዳክቲሉስ» ሆነ። ከላቲን ወደ ፈረንሳይ ምድር ሲገባ በሰው አፍ እየተፈጨ አጠረ፤ መሐሉ ወደቀ፣ መጨረሻው ወደቀ፣ «ዳት» የሚመስል ነገር ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1300 ገደማ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ እናገኘዋለን።

ለምን ጣት ተባለ? የተለመደው መልስ ፍሬው ረዘም ብሎ ጣት ስለሚመስል ነው የሚል ነው። የዘንባባው ቅጠል እንደ ጣት ስለተዘረጋ ነው የሚሉም አሉ። ሦስተኛ ግምት አለ፣ እኔን የሚማርከኝ እሱ ነው። ቴምር የግሪክ አገር ፍሬ አይደለም። ከሴማውያን ምድር ነው የሄደው። በዕብራይስጥ የቴምር ዛፍ «ዴቀል» ይባላል፣ በአራማይክ «ዲቅላ»፣ በዐረብኛም «ደቀል» የሚባል የቴምር ዓይነት አለ። ግሪኮች ይህን የባዕድ ስም ሰምተው፣ ለጆሯቸው ወደሚቀርበው «ዳክቲሎስ» ጠምዝዘውት ይሆናል። ሰው የማያውቀውን ቃል ሲሰማ ወደሚያውቀው መጎተቱ በየቋንቋው ያለ ነገር ነው። ግምቱ ልክ ከሆነ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ የሚበቅለው «ደግለት ኑር» የተባለው ቴምር የእንግሊዝኛው ዴት ዘመድ ነው ማለት ነው። «ደግለት» የመጣው ከዚያው ከደቀል ሥር ነውና። «ዲቅላ» ሲባል የኛ «ዲቃላ» ትዝ ሊልሽ ይችላል። እዚያ ላይ ግን ቆም በይ። የድምፅ መቀራረብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዴት ራሱ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

የኛስ «ቴምር»? እሱን አንቺ ባለሽበት አገር በየቀኑ ትሰሚዋለሽ። ዐረብኛው «ተምር» ይላል፣ ዕብራይስጡ «ታማር»፣ ግዕዙም «ተምር»። በመጽሐፍ ቅዱስ ያለችው ትዕማር ስሟ ይኸው የቴምር ዛፍ ነው። መዝሙረ ዳዊት ላይ «ጻድቅ እንደ ዘንባባ ያፈራል» የሚለውን ታውቂዋለሽ፤ እዚያ ቦታ ላይ ዕብራይስጡ «ታማር» ነው የሚለው። ዐረቦች ደግሞ የሕንዱን ጎምዛዛ ፍሬ «ተምር ሂንዲ» ማለትም «የሕንድ ቴምር» አሉት። ከዚያ ነው እንግሊዝኛው «ታማሪንድ» የመጣው። በኛ ምሥራቅ አገር «ሁመር» የሚባለው ነው። እንግሊዝኛ ለቴምሩ የግሪኮችን ቃል ይዞ፣ ለሁመሩ የዐረቦችን ቃል ወሰደ።

አሁን ወደ ቀኑ እንሂድ።

ላቲን ውስጥ «ዳሬ» የሚል ግስ አለ፤ መስጠት ማለት ነው። «ዳታ» ደግሞ «የተሰጠች» ማለት ነው። «የተሰጠች» ያልኩት በምክንያት ነው። የምትሰጠው ደብዳቤ ናት፣ ደብዳቤ በላቲን ሴት ናት። ሮማውያን ደብዳቤ ጽፈው ለመልእክተኛ ሲያስረክቡ የሰጡበትን ቦታና ቀን ይጽፉ ነበር። «ዳታ ሮማይ» ይላል፣ «በሮም ተሰጠች» ማለት ነው፤ ቀጥሎ ቀኑ ይመጣል። ዘመን ሲያልፍ ከቀኑ በፊት ሁልጊዜ የምትቀመጠው ይቺ ቃል የቀኑ የራሱ ስም ሆና ቀረች። «ዳታ» በፈረንሳይኛ «ዳት» ሆነ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ገባ።

ይህ ለኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የነገሥታቶቻችንን ደብዳቤዎች አይተሽ ከሆነ ማሰሪያቸው ላይ ቀኑ ይጠራና «በአዲስ አበባ ከተማ ተጻፈ» ይላል። ሮማውያን «ተሰጠች» አሉ፣ እኛ «ተጻፈ» አልን። አሁን «ተጻፈ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ የቀን ስም ሆነ ብለሽ አስቢ። «የተወለድሽበት ተጻፈ መቼ ነው?» ብለን እንጠያየቅ ነበር። በእንግሊዝኛ የሆነው ይህ ነው። እስፓኞች ደግሞ በሦስተኛ መንገድ ሄዱ፤ ደብዳቤውን «የተሠራች» አሉት፣ ስለዚህ ዛሬ ቀንን «ፌቻ» ይላሉ። «ፌቻ» ከላቲኑ «ፋክታ» የመጣ ነው፣ የተሠራች ማለት ነው።

«ዳታ» ስል ስልክሽ ትዝ አለሽ? ትክክል ነሽ። «ዳታ አልቆብኛል» የምንለው ዳታ ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። እዚያ ግን አንስታይ ነጠላ አይደለም፣ ብዙ ቁጥር ነው፤ «የተሰጡ ነገሮች» ማለት ነው። ለሒሳብ ወይም ለምርምር መነሻ እንዲሆኑ የተሰጡ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ኤክስፓየሪ ዴትና የስልክሽ ዳታ እኅትማማች ናቸው። ቴምሩ ግን ባዳ ነው፣ መልኩ ቁርጥ ዴት ቢሆንም።

ዝምድናውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብንገፋው የበለጠ ይገርማል። የላቲኑ «ዳሬ» እና የግሪኩ «መስጠት» ከአንድ ጥንታዊ ሥር ናቸው። በግሪክ ስጦታ «ዶሮን» ይባላል፣ እግዚአብሔር «ቴዎስ»። ሁለቱ ሲጣመሩ «ቴዎዶሮስ» ይሆናል፣ የእግዚአብሔር ስጦታ። የኛ ቴዎድሮስ! የመድኃኒት «ዶዝ»ም ከዚያው ነው፤ ሐኪም የሚሰጠው መጠን ማለት ነው። እንግዲህ ቴዎድሮስ፣ ዶዝ፣ ዳታና የቀኑ ዴት የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፣ በመልክ ግን አይመሳሰሉም። ዴትና ዴት በመልክ አንድ ናቸው፣ ግን አይዛመዱም። ይህን ሥራ እንድወደው ያደረገኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

«እንዴት እርግጠኛ ትሆናላችሁ?» ብትይኝ፣ ጎረቤት እንጠይቃለን። እንግሊዝኛ ውስጥ አንድ የሆነው ነገር በሌሎቹ ቋንቋዎች ተለያይቶ ከታየ፣ መጀመሪያውኑ ሁለት ነበር ማለት ነው። ጣልያንኛ ቀኑን «ዳታ»፣ ቴምሩን «ዳቴሮ» ይላል። ጀርመንኛ ቀኑን «ዳቱም»፣ ቴምሩን «ዳተል»። እስፓኝኛ ቀኑን «ፌቻ»፣ ቴምሩን «ዳቲል»። ፖርቱጋልኛ ቀኑን «ዳታ» ሲል ቴምሩን ከዐረቦች ወስዶ «ታማራ» ይለዋል። ፈረንሳይኛ ላይ ግን ነገሩ ይቀራረባል። ሁለቱም ሲነገሩ «ዳት» ናቸው፣ የሚለዩት በጽሕፈት ብቻ ነው፤ የቴምሩ «ቲ» ሁለት ናት። ግጭቱ የተፈጠረው እዚያ ነው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ከድሮው ፈረንሳይኛ ወሰደ፣ የወሰዳቸውም መልካቸው አንድ ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛ ረዣዥም አናባቢዎች ቦታ ሲቀያየሩ «ዳት» የነበረው «ዴት» ሆነ። ሁለቱም አንድ ድምፅ ስለነበሩ አብረው ተለወጡ።

እንግሊዝኛን በዚህ የሚወቅሱ ሰዎች ያጋጥሙኛል። «ድሀ ቋንቋ ነው፣ ቃል አጥሮት ነው» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። እስቲ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። «ትስላለች» ብልሽ ምን ትረጃለሽ? ሥዕል ትስላለች? ጉንፋን ይዟት ትስላለች? ወይስ ቢላዋ ትስላለች? ሦስቱም ልክ ነው። «ተሳለች» ካልኩሽ ደግሞ አራተኛ ይጨመራል፣ ስለት ተሳለች።

ግዕዝ ላይ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቃላት ነበሩ። የሥዕሉ «ሠዐለ» ነው፣ በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ። የጉንፋኑ «ሰዐለ» ነው፣ በእሳቱ ሰ። የቢላዋው «ሰሐለ» ነው፣ መሐሉ ሐመሩ ሐ አለ። «ስሑል» ሲባል የተሳለ ማለት ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ራስ ሚካኤል ስሑል በዚህ ቅጽል ነው የሚታወቁት። ለመነ ለማለት ደግሞ «ሰአለ» አለ፣ በአልፋው አ። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ስንል «ቅድስት ሆይ፣ ለምኚልን» ማለታችን ነው። የስለቱም ነገር፣ ልመና ነውና፣ ወደዚህ ሳይጠጋ አይቀርም። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ጣለ። ሁለቱ ፊደሎች፣ ሠ እና ሰ፣ በድምፅ አንድ ሆኑ። የቀረው «ሳለ» ብቻ ነው።

ይህን ያመጣሁት የፊደላችንን ነገር ለመከራከር አይደለም። ግን እዪው፣ ማንም ሰው «እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ስትስል አደረች» ሲባል ቢላዋ አያስብም። አረፍተ ነገሩ ይጠብቀዋል። ለእንግሊዞችም ዴት እንዲሁ ነው። ካርቶኑ ላይ ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሲታዩ አይደናገሩም፤ ብዙዎቹ መገጣጠሙንም አያስተውሉትም። አንቺ ያስተዋልሽው ከውጭ ስለመጣሽ ነው። ከውጭ የመጣ ዓይን ያያል።

ወደ ሦስተኛው ትርጉም ልምጣ፣ ወደ ፍቅሩ። ይህ የአሜሪካ ልጅ ነው፣ ዕድሜውም ገና ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አሜሪካኖች «ዴት» ሲሉ ቀኑን ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን የተያዘውን ቀጠሮ ማለት ጀመሩ። ቀጥሎ ወንድና ሴት የሚገናኙበትን ቀጠሮ። በ1896 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ጆርጅ ኤድ የተባለ የጋዜጣ ጸሐፊ፣ ልጅቷ ችላ ያለችው አንድ ወጣት «ቀኖቼን ሁሉ ሌላው ልጅ እየሞላቸው ነው መሰለኝ» ብሎ ሲያማርር ጽፏል። ቃሉ በዚህ ትርጉም በጽሑፍ ከታየባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ነው። አስተውዪ፣ እዚህ ላይ ቀኖቹ ገና ቀኖች ናቸው። ልጅቷ ጋ የሚሄድባቸው ቀኖች በሌላ ሰው ተያዙበት። ግን ፍቅሩ ገብቶባቸዋል። ቃል ሲለወጥ እጅ ከፍንጅ የሚያዝበት ጊዜ ጥቂት ነው፣ ይህ አንዱ ነው።

ዘመኑም ለዚህ የተመቸ ነበር። ከዚያ በፊት ጨዋ የሚባል ወጣት ልጅቷን የሚያያት ቤቷ ሄዶ፣ ወላጆቿ ባሉበት ነበር። ከተማ ሲያድግ፣ ሴቶች ፋብሪካና ሱቅ መሥራት ሲጀምሩ፣ መገናኛው ከቤት ወጥቶ አደባባይ ሆነ። ውጭ ለመገናኘት ቀን መቁረጥ ያስፈልጋል። ቀኑ ቀጠሮው ሆነ፣ ቀጠሮው ደግሞ ሰውየው ራሱ ሆነ። ዛሬ «ማይ ዴት» ቢሉ «ቀኔ» ማለታቸው አይደለም፤ አብሯቸው የወጣውን ሰው ነው። የኛም «ቀጠሮ» ወደዚያ ያዘነብላል። ወጣት ልጅ ሽክ ብላ «ቀጠሮ አለኝ» ካለች የጥርስ ሐኪም አይመስለንም። አሁንማ አዲስ አበባም «ዴት አለኝ» ማለት ተለምዷል።

ከትርጉሙ ጋር አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። «ዴቲንግ» የሚለው ቃል በሳይንስ ጽሑፍ ካጋጠመሽ ፍቅር አይደለም፣ የአንድን ነገር ዕድሜ መለካት ነው። ስለ ድንቅነሽ ስታነቢ ይመጣብሻል። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር የተገኘችው ናት፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይህን ያወቁት አካባቢው ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ የአርጎን ጋዝ ለክተው ነው። በብዛት የሚወራለት በካርቦን መለካት ለሷ አይሆንም፤ ካርቦን የሚደርሰው እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ «ዴቲንግ ሉሲ» የሚል ርዕስ ብታዪ ስለ ድንቅነሽ ዕድሜ ነው የሚያወራው።

አሁን «በምን ልለያቸው» ላልሽው። ሦስት ነገር እዪ።

መጀመሪያ ቃሉ ግስ ከሆነ ቴምር አይደለም። ቴምሩ ግስ የለውም። «ሺ ኢዝ ዴቲንግ» ካለ ፍቅር ነው፣ «ዘ ሌተር ኢዝ ዴትድ» ካለ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ነው። ሁለተኛ፣ አጠገቡ ያለውን ቃል እዪ። «ዴት ኦፍ በርዝ»፣ «ዱ ዴት»፣ «አፕ ቱ ዴት»፣ «አውት ኦፍ ዴት» ሁሉም የቀኑ ወገን ናቸው። ቴምሩ ከመብላት፣ ከኪሎ፣ ከፍሬና ከጣፋጭ ጋር ነው የሚውለው። ሦስተኛ፣ ካርቶን ላይ ብቻውን በትልቁ «ዴትስ» ካለ፣ መጨረሻው ላይ «ስ» ይዞ፣ ፍሬው ነው።

ለካርቶኑ ሌላም ነገር ልንገርሽ፣ ይህ ለሕይወትም ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ ሁለት ቀን ነው የሚታተመው። አንዱ የተመረተበት «ፕሮዳክሽን ዴት» ነው፣ ሌላው «ኤክስፓየሪ ዴት»። ገዝተሽ ስትመጪ ሁለተኛውን እዪ። አንቺ ባለሽበት አገር የተለመደው ቅደም ተከተል እንደኛው ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። አሜሪካኖች ግን ወሩን ያስቀድማሉ። ስለዚህ 11/09 ሻርጃ ላይ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ዋሽንግተን ላይ ኖቬምበር 9። እንደ 25/09 ያለ ከሆነ ችግር የለውም፤ 25ኛ ወር ስለሌለ የትኛው ቀን እንደሆነ ራሱ ይናገራል።

ፎርም ስትሞዪ ደግሞ ከሁሉ በላይ ተጠንቀቂ። «ዴት ኦፍ በርዝ» ሲልሽ የኛን አቆጣጠር እንዳለ አትገልብጪው። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በነሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 ነው። ፓስፖርትሽ ላይ ያለውን ቀን እዪና ልክ እንደዚያው ጻፊ፤ አንድ ወረቀት ላይ አንድ ቀን፣ ሌላ ወረቀት ላይ ሌላ ቀን ከሆነ ለማስተካከል ወራት የሚፈጅባቸው ሰዎች አይቻለሁ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በፊደል እንድትጽፊ ፎርሙ ከፈቀደልሽ በፊደል ጻፊው፤ ያኔ ማንም አያምታታብሽም።